ያረረው የማን ቆሽት ነው?

ዛሬ በፍቅር ደብዳቤ ጀምሬ ወደ ሆድ ዕቃ ልወስዳችሁ ነው። አትሳቁ! ጉዳዩ የአንዲት ልጅ የትዳር ጉዳይ ነው። ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት አለበት።

ደብዳቤው የመጣው ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊዋ ስሜ እንዳይወጣ ብላለች፤ አይወጣም። ዕድሜዋ 24 ነው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። እጮኛዋ የግሼ ልጅ ነው። ራቤል አካባቢ ተወልዶ፣ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቶ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ከገባ አራት ዓመቱ። ሽማግሌ ተልኳል፣ ለጥር ቀን ተቆርጧል። ታዲያ ምን ተገኘ? ራሷ ትናገር፦

“... ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቱ ሄጄ ጃኬቱን ላጥብለት ኪሱን ስፈትሽ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሁለት ሲሪንጅና አንዲት ትንሽ ብልቃጥ! ጉልበቴ ከዳኝ። ሱሰኛ ነው? ወይስ ያ በሽታ አለበት? ብልቃጧ ላይ ያለውን ሳነበው ‘ኢንሱሊን’ ይላል። ለካ ስኳር አለበት! ሦስት ዓመት አብረን ስንሆን አንድ ቀን አልነገረኝም። ኬክ ሲቀርብ ‘ጣፋጭ አልወድም’ ሲለኝ የአገሩ ልማድ መስሎኝ እስቅ ነበር። አንድ ማታ ፒያሳ ላይ በላብ ተጠምቆ፣ እየተንገዳገደ ሲቆጣኝ፣ ሰክሯል ብዬ በታክሲ ጥዬው ሄጃለሁ። አሁን ስጠይቀው ‘ከልጅነቴ የያዘኝ ነው፣ ምን ይደረግ?’ ብሎ ዝም። ቆሽቴን አሳረረው! እናቴ ‘ስኳር ያለበት ወንድ አይወልድም፣ ቢወልድም ያንኑ በሽታ ነው’ ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ጠበል ይግባና መርፌውን ይተው አለች። እሱም ይህንኑ ሰምቶ ለነቢያት ጾም መርፌውን አቆማለሁ ብሏል። ልተወው ወይስ ልቆይ? ግራ ገባኝ።”

ብዙ ጊዜ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ተራውን ጠብቆ ይወጣል። ይኼን ግን ጋዜጣው እስኪወጣ አልጠበቅኩም። መጨረሻዋን መስመር እንዳነበብኩ ከደብዳቤው ግርጌ ባለው ስልክ ደወልኩላት። “እህቴ፣ መልሱን በኋላ ትሰሚያለሽ፤ አሁኑኑ ሂጂና መርፌውን እንዳያቆም ንገሪው” አልኳት። ለምን እንደዚያ እንደተጣደፍኩ ከታች ይገባችኋል።

ቅዳሜ ሦስታችንም አንዲት ሻይ ቤት ተገናኘን። ልጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ ነው። ሻይ ያለ ስኳር አዘዘ። እሷ አየችው፣ እሱ ጠረጴዛውን አየ።

ከጨጓራ ጀርባ የተቀመጠችው ባልትና

“ቆሽቴ አረረ” የማይል አማርኛ ተናጋሪ አለ? ባል ሲያመሽ ቆሽት ያርራል፣ አለቃ ሲያመናጭቅ ቆሽት ይደብናል። ግን ቆሽት የት እንዳለች ብትጠየቁ ስንቶቻችሁ ትመልሳላችሁ? ከጨጓራ ጀርባ ተጋድማ የተቀመጠች፣ አንድ ስንዝር እንኳ የማትሞላ፣ ከ100 ግራም ያልበለጠች ሥጋ ናት። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው ግን ዛሬ ለተቀመጥንበት ጉዳይ ዋናው ነው፤ የደም ስኳርን ትመጥናለች።

እ.ኤ.አ. በ1869 ፖል ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲያይ እንደ ደሴት እዚህም እዚያም የተበታተኑ የሕዋሳት ክምችቶች አገኘ። ሥራቸውን ግን አላወቀም። ዛሬ እነዚያ ደሴቶች በስሙ ይጠራሉ፤ በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ይደርሳሉ። በውስጣቸው ካሉት ሕዋሳት ሁለቱን ብቻ ያዙልኝ። ቤታ የሚባሉት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። አልፋ የሚባሉት ደግሞ ግሉካገን የሚባለውን። ሆርሞን ማለት በደም ተሳፍሮ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚሄድ መልእክተኛ ነው በሉት።

አሁን አንዲት ጎበዝ የመንዝ ባልቴት አስቡ። ጎተራው በእጇ ነው። እህል ሲገባ ታስገባለች፣ ክረምት ሲመጣ እየሰፈረች ታወጣለች። ቆሽት እንደዚያ ናት።

በሶውን ጠጣችሁ፣ ቂጣውን በላችሁ እንበል። ገብሱ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል። (ልብ በሉ! ስኳር የሚሆነው ኬክና ከረሜላ ብቻ አይደለም። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ቆሎውም መጨረሻው ስኳር ነው።) ስኳሩ ደም ውስጥ ሲገባ ቤታዎቹ ኢንሱሊን ይለቃሉ። ኢንሱሊን በተለይ የጡንቻንና የስብን በር ይከፍታል፤ ስኳሩ ገብቶ ጉልበት ይሆናል። ለጉበት ደግሞ “የተረፈውን አስቀምጥ” ብሎ ያዛል። ጉበት ጎተራው ነው።

ማታ ተኝታችኋል፣ ምንም አልበላችሁም። ወይም በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይታችኋል። ወይም ከጀማ ወንዝ ወደ ዓለም ከተማ ዳገቱን በባዶ ሆድ እየወጣችሁ ነው። ለምን አትወድቁም? ስኳሩ ዝቅ ማለት ሲጀምር ቤታዎቹ ዝም ይሉና ተራው የአልፋዎቹ ይሆናል። ግሉካገን ወደ ጉበት ሄዶ “ጎተራውን ክፈት!” ይላል። ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር እየሰፈረ ወደ ደም ይመልሳል። አንጎላችሁ በዚያ ያድራል።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለስንት ስኳር መሰላችሁ? ጤነኛ ሰው ከምግብ በፊት ሲለካ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው ያለው። ደማችሁን ሁሉ፣ አምስት ሊትሩን አንድ ላይ ብታስቡት፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብቻ ማለት ነው! ሻያችሁ ላይ ከምትጨምሩት ያንሳል። ቆሽት ሌት ከቀን የምትጠብቃት ያቺን አንዲት ማንኪያ ነው።

ውርጭ ላይ የተጀመረ በሽታ

ልጁ ሻዩን ይዞ ቀስ እያለ ነገረኝ። ያኔ 17 ዓመቱ ነው፣ 10ኛ ክፍል፣ መሐል ሜዳ። ከየት መጣ የማይባል ጥም ያዘው። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ አይረካም። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። የመንዝን የበጋ ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ በዚያ ብርድ ነው ውጪ የሚመላለስ። ይበላል፣ ደግሞ ይበላል፣ ሱሪው ግን ከወገቡ እየወረደ ነው። ሽንቱን በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይቶ ደነገጠ፤ ለማን ይናገር?

አከራዩ “የሆድ ትል ነው” አሉ። አንዱ ሳንባ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ሳምንት ጠበል ገባ። በመጨረሻ ማስታወክ ጀመረ፣ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍሬ ሸተተ፣ ቃል መመለስ አቃተው። አባቱና ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጡት፤ በሞላሌና በመዘዞ፣ ጣርማበር ወጥተው ደብረ ብርሃን። ጣቱን ወግተው ሲለኩት መሣሪያው ቁጥር መጻፍ አቅቶት “ከልክ በላይ” ብቻ አለ። ግሉኮስ አይደለም የተሰጠው መጀመሪያ፤ ጨው ያለው ፈሳሽና ኢንሱሊን ነው። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ አጥሚት ጠጣ። “አንድ ቀን ብታድሩ ኖሮ የምታመጡት ሬሳ ነበር” አሏቸው አባቱን።

ምን ነበር የሆነው? ቤታዎቹ ሞተዋል። ኢንሱሊን የለም። ስኳሩ ደሙን ሞልቶታል፣ በሩ ግን ተዘግቷል። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ጠፍቶ ቤተሰቡ በረሃብ ሲያልቅ ማለት ነው። ኩላሊት ስኳሩ ከ180 ገደማ ሲያልፍ መያዝ ያቅተውና በሽንት ይለቀዋል፤ ስኳር ብቻውን አይወጣም፣ ውሃውንም ጎትቶ ነው የሚወጣው። ጥሙ ከዚያ መጣ፣ ጉንዳኑም ከዚያ። ሰውነት ሲርበው ስቡን ማቃጠል ይጀምራል፤ የስቡ ጭስ፣ አሲዱ፣ ደም ውስጥ ሲከማች ትንፋሽ ይሸታል፣ ሰው ያስታውካል፣ ራሱን ይስታል፣ ይሞታል።

እና እህቴ፣ “ቆሽቴን አሳረረው” ስትዪ ነበር። ያረረውስ የሱ ነው።

“ግን እኮ ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው!” አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። አብዛኛው የከተማ ስኳር በእርግጥ ሌላ ዓይነት ነው፤ ኢንሱሊኑ እያለ በሮቹ እምቢ ይላሉ፣ ቆሽት ብዙ እያመነጨች ትደክማለች። የሱ ግን የሌላ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አንዳንዴ የገዛ ሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቤታዎቹን ያጠፋቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ፣ በእኛ አገር ገጠር በተለይ፣ በልጅነት የጎደለ ምግብ ይጠረጠራል። በጎንደር ዙሪያ የሠሩ ሐኪሞች መርፌ የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞቻቸው አብዛኞቹ ወጣት፣ ቀጫጭን፣ ድሃ ገበሬዎች ሆነው አገኟቸውና እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ “የምግብ እጥረት ስኳር” ጉዳይ እንደገና ይታይ ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 መዝግቦት በ1999 ሰርዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ “አምስተኛው ዓይነት” ብሎ ተቀብሎታል። የዚህ ልጅ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ በኬክ አልመጣበትም፣ በጥፋቱም አልመጣበትም።

ስለ መርፌው

መርፌውን ማቆም ለምን እንዳስደነገጠኝ በታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1922 ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ ዕጣው ሞት ነበር። ሐኪም የሚያውቀው ነገር ቢኖር ምግብ አሳጥቶ ጥቂት ወራት ማቆየት ነው። በጥር 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከእንስሳ ቆሽት የተጨመቀ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው ብዙም አልሠራም፤ አጥርተው ደግመው ሲሰጡት ስኳሩ ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። እነ ባንቲንግ የፈጠራ መብቱን በአንድ አንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ለቀቁት፤ የሕዝብ ይሁን ብለው።

ይኸውላችሁ፣ ቤታዎቹ የሞቱበት ሰው መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ወደዚያ ቃሬዛ ይመለሳል። ባይበላም እንኳ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል፤ ጉበት ስኳር ማውጣቱን አይተውምና። መጠኑን ግን ሐኪም ነው የሚያስተካክለው። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው ጾም ይላላል። ጠበሉን የሚከለክለው የለም፤ ጠዋት ጠበሉን ይጠመቅ፣ መርፌውንም በሰዓቱ ይውጋ። አንዱ ሌላውን አያስወጣም። ልጁ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። “እኔም እኮ አቆማለሁ ያልኩት አምኜበት አይደለም” አለ፤ “እንዳፈረችብኝ ሲገባኝ ነው።”

ለምን ደበቅክ አልኩት። ትምህርት ቤት ሳለ አንድ ልጅ ሲወጋ አይቶት “መርፌው” የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት ገብቶ ነው የሚወጋው።

ስለ መድኃኒቱ አቀማመጥ ያጫወተኝ ደግሞ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ሲሆን ደግሞ ጭራሹን ይሞታል፣ ቢሟሟም አይሠራም። ግሼ እናቱ ቤት አንድ ሌሊት መስኮት ሥር አድሮ ውርጭ መታው። እንደ ደህናው ሲወጋው ሰንብቶ ስኳሩ ሰማይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እናቱ ብልቃጡን በዝተት ጠቅልለው ከመኝታቸው ራስጌ ያኖሩታል። እኔ ደግሞ መርሐቤቴ ቆላ ውስጥ አንድ አጎት አለኝ። የሳቸው ችግር ግልባጩ ነው፣ ሙቀቱ! ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ትንሽ ሸክላ፣ እሷ ውስጥ መድኃኒቱ፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ መክፈት ነው።

ፒያሳ ላይ ሰክሮ ነበር?

አልሰከረም። እሱ ራሱ ነው ያስረዳት። የዚያን ቀን ወግቶ ሥራ በዝቶበት ምሳ ሳይበላ ቀረ፣ ማታ በባዶ ሆዱ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣ። የተወጋ ኢንሱሊን እንደ ቤታ ሕዋስ አይደለም፤ ስኳሩ ወረደ ብሎ ዝም አይልም፣ በር መክፈቱን ይቀጥላል። አልፋዎቹስ? ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው አልፋዎቹም እየሰነፉ ይሄዳሉ። ጠጁ ደግሞ የጉበትን እጅ ያስራል፣ ጎተራው አይከፈትም። ያቺ አንዲት የሻይ ማንኪያ ግማሽ ትሆናለች። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ ቁጣ፣ መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ይመጣል። ለተመልካች ስካር ነው። አፉም ጠጅ ይሸታል፣ ማን ያምነዋል? ባይደረስለት ራሱን ስቶ ሊሞት ይችል ነበር። ያን ማታ ያዳነው አንድ ባለ ኪዮስክ ነው፤ “ለስላሳ” ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሰጠው።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። “እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እየሰደብኩህ ነበር” አለችው።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ወዳጅ፣ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ ያላችሁ ይህን ቆርጣችሁ አስቀምጡ። እንደዚያ ሲሆን ካያችሁት መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ፣ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ ግማሽ ጠርሙስ አጠጡት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሕክምና አሩጡት።

ለእናትሽ የሚነገር

ስኳር ያለበት ወንድ ይወልዳል። ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ካልተጠበቀ ወንድነትን ሊያዳክም ይችላል፣ እውነት ነው፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርንም ይጎዳል። በደንብ ከተያዘ ግን ብዙዎች ልጅ ወልደው፣ ሠርተው፣ ሸምግለው ኖረዋል። ልጁስ ይወርሳል? የአውሮፓና የአሜሪካ ጥናቶች እንደሚሉት አባታቸው በሰውነት መከላከያ ስህተት የሚመጣው ስኳር ካለባቸው 100 ልጆች ይኸው ስኳር የሚይዛቸው አምስት ስድስቱን ነው። ከዘጠና በላዩ ነፃ ናቸው። በመሳም፣ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት ደግሞ ከቶ አይተላለፍም።

እናንተ ደግሞ “እኔ ጤነኛ ነኝ” የምትሉ የከተማ ልጆች፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ከደማችሁ ውስጥ ካለው ሁሉ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ዛሬ ቆሽታችሁ ትችለዋለች። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ማታ ፓስቲ፣ ቦርጭ... እስከ መቼ ትችለዋለች? ተራመዱ። ጥም፣ የሌሊት ሽንት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካያችሁ ደግሞ “ትል ነው” አትበሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጣታችሁን ተወጉ። ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። “ልተወው ወይስ ልቆይ?” ብለሻል። እኔ ግቢ አትግቢ አልልም፤ ትዳሩ ያንቺ ነው። ደብቆሻል፣ ይህ ጥፋት ነው፤ ስለ መደበቁ ልትቆጪ መብትሽ ነው። ልትተይው ብትፈልጊም በዚያ ምክንያት ይሁን። ቆሽቱ ስለሞተች ግን አይሁን። አብረሽው ከቆየሽ ደግሞ ካሁን በኋላ ሽንት ቤት ገብቶ አይውጋ፤ ፊትሽ ይውጋ። አንድ ቀን ከሱ ጋር ክትትል ሂጂና ራስሽ ሐኪሙን ጠይቂ። እናትሽንም ይዘሽ ብትሄጂ ደስታዬ ነው።

ስንለያይ ምን እንደወሰነች አልጠየቅኳትም። ሒሳብ ከፍለን በር ላይ ስንደርስ ግን “አንዴ ቆዩኝ” ብላ ወደ ኪዮስኩ ተሻገረች። ስትመለስ አንድ እሽግ ከረሜላ ገዝታለች። ግማሹን የሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተተች፣ ግማሹን የራሷ ቦርሳ ውስጥ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።